የጉበት ቫይረሶች ስርጭት በኢትዮጵያ፦ ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ

የቫይረስ ሄፓታይተስ በቫይረስ ምክንያት የሚመጣ የጉበት መቆጣት ነው። በተለምዶ «የጉበት በሽታ» ይባላል፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆኑ ደግሞ «የወፍ በሽታ» የሚል ስም አለው። ዋናዎቹ ቫይረሶች አምስት ሲሆኑ ሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ተብለው ይጠራሉ። ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ ቢ፣ ሲ እና ዲ ደግሞ በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች። ለረዥም ዓመታት በሰውነት ውስጥ ተቀምጠው ጉበትን ወደ መጠንከር (ሲሮሲስ) እና ወደ ካንሰር የሚያደርሱት በተለይ ቢ እና ሲ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሄፓታይተስ ቢ ጋር፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በእነዚህ ሁለት ቫይረሶች ምክንያት ሞተዋል። ሪፖርቱ ከዓለም ሸክም ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን የተሸከሙ 10 አገሮችን በስም ሲጠቅስ ኢትዮጵያ ከቻይና፣ ከህንድ፣ ከናይጄሪያ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎቹ ጋር አብራ ተዘርዝራለች። ይህ ጽሑፍ ቫይረሶቹ በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደተሰራጩ፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡና በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ነገሩ ምን እንደሚመስል ያብራራል።

«የወፍ በሽታ» እና ቢጫው ዓይን

የወፍ በሽታ የሚለው ስም ከቆየ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ አካባቢ ወፍ፣ በተለይም የሌሊት ወፍ፣ በላዩ ያለፈችበት ሰው በበሽታው ይያዛል ይባላል። ለዚህም የሚሰጡ የባህል መድኃኒቶች አሉ። ከእነዚህ መካከል በጎጃምና በጎንደር ሰንሰል፣ በሌላ ቦታ ስሚዛ የሚባለው የአጥር ተክል ቅጠልና እንዶድ በብዙ የዕፅዋት ጥናቶች ተመዝግበዋል። እንዶድ መርዛማነት ያለው ተክል ስለሆነ መጠኑ ሳይታወቅ መጠጣት ለታመመ ጉበት ተጨማሪ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የዓይን ቢጫነት የሚመጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቀለም በደም ውስጥ ሲጠራቀም ነው። አሮጌ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይህ ቀለም ይወጣል፤ ጤነኛ ጉበት ከሐሞት ጋር ቀላቅሎ ያስወግደዋል። ጉበት ሲታመም፣ የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ወይም ደም ከልክ በላይ ሲፈርስ (ለምሳሌ በወባ) ቀለሙ ይከማቻል። ስለዚህ ቢጫ ዓይን ሁሉ የቫይረስ ሄፓታይተስ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ገጠር በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የታየውና ብዙ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ መጀመሪያ ምንጩ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በኋላ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ አረም መርዝ ጋር ተያይዟል።

የተገላቢጦሹ ግን ከዚህ የባሰ ያሳስባል፦ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም። ሄፓታይተስ ቢ በሕፃንነታቸው የያዛቸው ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አንድም ምልክት አያሳዩም። ሄፓታይተስ ሲ የያዛቸው አዋቂዎችም እንዲሁ። ቫይረሱ 20 እና 30 ዓመት ዝም ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ሆድ በውኃ ሲነፋ ወይም ደም ሲያስታውክ ነው ሰውየው ሆስፒታል የሚመጣው። የወፍ በሽታ የሚለው ቃል የሚገልጸው የሚታየውን ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ቫይረሶቹ በአጭሩ

ሄፓታይተስ ኤ በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይዞት ያለፈ ነው። በሕፃንነት ቀላል ነው፣ ሥር አይሰድም፣ አንዴ የያዘው ሰውም ዳግመኛ አይያዝም። ሄፓታይተስ ኢ እንደ ኤ በውኃ የሚመጣ ቢሆንም ለነፍሰ ጡሮች፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ገዳይ ነው። ሄፓታይተስ ዲ ብቻውን መኖር አይችልም፤ ቢ ያለበትን ሰው ብቻ ይይዛል፣ ሲይዝም በሽታውን ያከፋል።

ሄፓታይተስ ቢ ዕድሜን በጣም የሚለይ ቫይረስ ነው። በተወለደ ሰሞን የተያዘ ሕፃን በሽታው ሥር የሰደደ የመሆን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ነው። በአዋቂነት የተያዘ ሰው ግን ከ95 በመቶ በላይ በሆነ ዕድል በራሱ ያገግማል። ስለዚህ «ስንት ሰው ተያዘ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በስንት ዓመቱ ተያዘ?» የሚለው መጠየቅ አለበት። ቫይረሱን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። የዓለም የሄፓታይተስ ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 21 (በፈረንጆቹ ጁላይ 28) የሚከበረው የልደቱን ቀን ተከትሎ ነው። ሄፓታይተስ ሲ የታወቀው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ክትባት የለውም፤ ነገር ግን ከ95 በመቶ በላይ በሚሆኑ ሕሙማን ላይ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ኪኒን ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል። ሄፓታይተስ ቢ በአንጻሩ ክትባት አለው፣ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ግን የለውም።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ

በኢትዮጵያ የጉበት ቫይረሶችን ጥናት ካስጀመሩት መካከል ቀዳሚው የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር ዕደማርያም ጸጋ ናቸው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ኤ፣ ቢ እና ዲ በኢትዮጵያ ያላቸውን ስርጭት መርምረዋል፤ ቆይተውም ሄፓታይተስ ኢ በሰሜን ኢትዮጵያ የጦር ካምፖች ያስነሣውን ወረርሽኝና በነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረሰውን ጉዳት አጥንተው አሳትመዋል።

እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመው ብሔራዊ የሄፓታይተስ ቢ ጥናት ነው። ከሁሉም ክፍለ ሀገራት የተውጣጡ 5,270 ወጣት ወንዶች ደም ተመርምሮ 10.8 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ታይቷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ቁጥር ነው፦ 73.3 በመቶዎቹ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት ከቫይረሱ ጋር እንደተገናኙ የሚያሳይ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ማለትም ከአራት ወጣቶች ሦስቱ ቫይረሱ አግኝቷቸዋል፤ አብዛኞቹ አሸንፈውታል፣ ከአሥር አንዱ ግን ተሸክሞት ቀርቷል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ ሆስፒታል ውስጥ አልተቀመጡም፤ ቤት ለቤት ሄደው በ1,262 ቤተሰቦች ውስጥ ከ50 ዓመት በታች የሆኑ 4,736 ሰዎችን መረመሩ። 7 በመቶው ቫይረሱ ነበረባቸው፤ ከወንዶች 9 በመቶ፣ ከሴቶች 5 በመቶ። ከቫይረሱ ጋር የተገናኙ ሰዎች ብዛት ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ሄዶ ከ40 እስከ 49 ዓመት ባሉት ዘንድ ከ70 በመቶ አልፏል። በእኔ ግምት ስለ ኢትዮጵያ ከተጻፉት መካከል በጣም ጠቃሚው ይህ ጥናት ነው፤ ምክንያቱም የታመመውን ሳይሆን ሰፈሩን ነው የቆጠረው።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩትን ብዙ ትንንሽ ጥናቶች የደመረ ግምገማ ነው። በእሱ ስሌት የሄፓታይተስ ቢ አማካይ ስርጭት 7.4 በመቶ፣ የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው ደግሞ 3.1 በመቶ ናቸው። በጋዜጣና በሬዲዮ ስለ ኢትዮጵያ ሲነገር የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ8 በመቶ በላይ ከፍተኛ፣ ከ5 እስከ 7.9 ከፍ ያለ መካከለኛ፣ ከ2 እስከ 4.9 ዝቅ ያለ መካከለኛ፣ ከ2 በታች ደግሞ ዝቅተኛ ስርጭት ይባላል። ኢትዮጵያ እንደ ጥናቱ ዓይነት ከላይኛዎቹ ሦስት እርከኖች በአንዱ ትወድቃለች።

ባሕር ዳርና ጎንደር

በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኙት ቁጥሮች ከሀገር አቀፉ አማካይ ዝቅ ይላሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ለእርግዝና ክትትል የመጡ 318 ሴቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት 3.8 በመቶዎቹ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባቸዋል፤ ይህም 12 ሴቶች ማለት ነው። ከሐይቁ ሰሜን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ከ2003 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ደም የሰጡ 6,361 ሰዎች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ 4.7 በመቶው ሄፓታይተስ ቢ፣ 0.7 በመቶው ሄፓታይተስ ሲ ነበረባቸው። በዚሁ የጎንደር ጥናት ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው 3.8 በመቶ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፦ ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ ይበዛ ነበር። ስለ ኤች አይ ቪ ግን በየቀበሌው ተሰብኳል፣ ስለ ጉበት ቫይረስ የሰማ ጥቂት ነው።

ከጎንደር ዙሪያ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም እዚያ እንደደረሱ ሲመረመሩ ሄፓታይተስ ቢ ከሌላው የእስራኤል ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ታይቶባቸዋል። ይህም አካባቢው ከሀገሪቱ የተለየ ደሴት እንዳልሆነ ያሳያል።

ታዲያ ባሕር ዳር 3.8፣ አዲስ አበባ 7፣ ወጣት ወንዶች 10.8 ሲሆኑ ማንን እንመን? ሦስቱንም፣ ግን ለየራሳቸው ጥያቄ መልስ አድርገን ነው። የባሕር ዳሩ ጥናት ሴቶችን ብቻ መርምሯል፤ በአዲስ አበባው ጥናት እንደታየው ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ይያዛሉ። ስለዚህ ከነፍሰ ጡሮች የተገኘውን ቁጥር ለጠቅላላ ሕዝብ ማባዛት ችግሩን ያሳንሰዋል። ደም ለጋሾች ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብለው የመጡ፣ ቀድመው በጥያቄ የተጣሩ ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ ሆስፒታል ውስጥ በጉበት ሕሙማን ላይ የሚሠራ ጥናት ቁጥሩን ያጋንናል። እነዚህን ሁሉ ደምሮ አማካይ ማውጣት አንድ ንጹሕ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ግን የማንም ሰፈር ቁጥር አይደለም።

ቁጥሮቹን ማንበብ

አንድ ጥናት 318 ሰው መርምሮ 12 ሲያገኝ «3.8 በመቶ» የሚለው ትክክለኛ ነጥብ ሳይሆን የአንድ ክልል መሃል ነው። በተለመደው የስታቲስቲክስ ቀመር ስናሰላው እውነተኛው ቁጥር ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጥናቶች አንዱ 3፣ ሌላው 5 ስላሉ ብቻ ስርጭቱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ መመርመሪያው ራሱ ነው። ለአብነት አንድ ፈጣን የምርመራ ኪት ቫይረሱ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን በትክክል «የለም» ይላል እንበል፤ ቫይረሱ ያለባቸውንም ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይይዛል። 1,000 ሰዎች ብንመረምርና 40ዎቹ ሄፓታይተስ ቢ ቢኖርባቸው፣ ኪቱ 39 ወይም 40ውን ያገኛል፤ ከቀሩት 960 ጤነኞች ግን ወደ 10 የሚጠጉትን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። «አለብህ» ከተባሉት አምስት ሰዎች አንዱ የለበትም ማለት ነው። አሁን በዚሁ ኪት ዓይነት ጥራት ሄፓታይተስ ሲን እንመርምር፤ ከ1,000 ሰው 10ሩ ብቻ ይኑርባቸው። 10 ትክክለኛ፣ 10 የተሳሳተ ውጤት ይመጣል፤ ግማሽ በግማሽ። ኪቱ አልተበላሸም፣ ያው ኪት ነው፤ በሽታው ስላነሰ ብቻ የስሕተቱ ድርሻ ገነነ። ስርጭቱ ዝቅተኛ በሆነበት ቦታ የመጀመሪያ ምርመራ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ለሄፓታይተስ ሲ ሌላም ነገር ይጨመራል። የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን እንጂ ቫይረሱን አይደለም። ከተያዙት ሰዎች ሲሶ የሚያህሉት ቫይረሱን በራሳቸው ያስወግዱታል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል። ስለዚህ 3.1 በመቶ የሚለው የአሁን ሕሙማንን ቁጥር አያሳይም፤ የአሁኑን ለማወቅ የቫይረሱን አር ኤን ኤ የሚለካ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል።

በምን ይተላለፋል

ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ ከ50 እስከ 100 እጥፍ በቀላሉ የሚተላለፍ ሲሆን ከሰውነት ውጪ፣ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ፣ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። በዓይን የማይታይ የደም ቅንጣት ይበቃዋል። በአማራ ክልል በተሠሩ ጥናቶች ተደጋግመው ከሚጠየቁት መተላለፊያዎች መካከል ያልተቀቀለ መርፌ፣ በጋራ የሚሠራ ምላጭ፣ የጥርስ መንቀል፣ የድድና የአንገት ንቅሳት፣ እንጥል መቁረጥ፣ ግርዛት፣ ብጣትና ዋግምት ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ስለት ለብዙ ሰው የሚደረጉ ናቸው፤ አደጋው ከባህሉ ሳይሆን ካልተቀየረው ስለት ነው። የፀጉር ቤት መሣሪያና የጥፍር መቁረጫም እንዲሁ። በግብረ ሥጋ ግንኙነት መተላለፉም የታወቀ ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ ግን በዚህ መንገድ የሚተላለፈው ከስንት አንዴ ነው።

የማይተላለፍበትንም መናገር ተገቢ ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ የሚያሳፍር በሽታ እየሆነ መጥቷልና። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፉም። ሳህኑን ለብቻው ያደረጉበት ሰው ያለ ምክንያት ነው የተገለለው። ግራ መጋባቱ የመጣው ምናልባት ሁሉም «ሄፓታይተስ» ስለሚባሉ ነው፦ በእጅና በምግብ የሚሄደው ኤ ነው፣ እሱ ደግሞ አዋቂዎቻችንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል።

አርባ ቀን

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በመጋቢት 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ሲሆን፣ «አምስት በአንድ» በሚባለው ክትባት ውስጥ ከዘጊ አናዳ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከትክትክና ሂብ ከተባለው ባክቴሪያ መከላከያ ጋር ተቀላቅሎ ነው። የሚሰጠው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ልጆች አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ከእነሱ በፊት የተወለደው አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ግን በሕፃንነቱ አልተከተበም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ሦስተኛውን ዙር ያገኙት ሕፃናት 61 በመቶ ነበሩ።

ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከአርባ ቀን ጋር ይገጣጠማል ማለት ይቻላል። ከእናቱ በምጥ ጊዜ ቫይረሱ የተላለፈበት ሕፃን ግን አርባ ቀን መጠበቅ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁሉም ሕፃናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ክትባት እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ የልደት ቀን ክትባት በ2022 በአፍሪካ የደረሰው ለ18 በመቶ ሕፃናት ብቻ ነበር፤ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከሚያዙት ሰዎች ግን 63 በመቶዎቹ የሚገኙት በዚሁ የአፍሪካ ቀጠና ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ በ2018 ድጋፍ ለማድረግ ወስኖ በኮቪድ ምክንያት አዘግይቶታል።

ይሁንና የልደት ቀን ክትባት ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ የሚወሰነው በእናቲቱ ደም ውስጥ ባለው የቫይረስ ብዛት ነው፤ ይህም «ኢ አንቲጂን» በሚባል ምልክት ይታወቃል። ምልክቱ ያለባት እናት ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ70 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። በአዲስ አበባው ጥናት ልጅ ለመውለድ በሚችሉበት ዕድሜ ካሉት ሴቶች ይህ የተገኘባቸው ከ1 በመቶ ያንሳሉ። በምሥራቅ እስያ ዋናው መንገድ ምጥ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ልጆች ይበልጥ የሚያዙት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በቤትና በሰፈር፣ ከቁስልና ከጭረት፣ ከወንድምና ከእህት ነው የሚለው መደምደሚያ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በ6 ሳምንት የሚጀምረው ክትባት ብዙውን መንገድ ይዘጋል፤ ቀሪዋ ጠባብ መንገድ ግን ከሁሉ በላይ አደገኛዋ ናት፣ ምክንያቱም በእሷ የገባ ቫይረስ ከ10 ሕፃናት በ9ኙ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ሌላም እንቅፋት አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ሕፃኑ ጤና ተቋም መወለድ አለበት ማለት ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከወሊዶች 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ በጤና ተቋም ተካሂደዋል። ለውጡ ፈጣን ነው፤ የቀረው ግማሽ ግን ቤት ውስጥ ነው፣ አራሷም ከቤት የማትወጣበት ሰሞን ነው። በጣና ደሴቶችና በረባዳማው የደንቢያና የፎገራ ሜዳ በክረምት ጎርፍ ሲኖር 24 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ሐይቁ፣ ውኃውና ቢልሃርዝያ

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ በኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ሐይቁ የመጠጥ ውኃ፣ የዓሣ፣ የመስኖ፣ የልብስ ማጠቢያና የመዋኛ ቦታ ነው። ንጽሕናው ያልተጠበቀ ውኃ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢን ያሰራጫል። ሄፓታይተስ ኢ በኢትዮጵያ ወረርሽኝ ሲያስነሣ የታየው ሰው በተጨናነቀባቸው ቦታዎች ነው፤ ከ1988 እስከ 1989 (እ.ኤ.አ.) በጦር ካምፖች፣ በ2014 እና 2015 ደግሞ በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ከ1,000 በላይ ተጠርጣሪዎች ተመዝግበዋል። ውኃ ማፍላት ወይም በክሎሪን ማከም ሁለቱንም ይከላከላል።

የጣና ዳርቻ ሌላም የጉበት ጠላት አለው፦ ቢልሃርዝያ። በሐይቁ ዳር በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፈው ይህ ትል እንቁላሉን ወደ ጉበት ደም ሥሮች እየላከ ጠባሳ ይፈጥራል። ቫይረስ አይደለም፤ ነገር ግን ሆድ ያበጠና ደም ያስታወከ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ሁለቱንም ማሰብ አለበት፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉና።

በቢልሃርዝያና በሄፓታይተስ ሲ መካከል አንድ አሳዛኝ ታሪካዊ ግንኙነት አለ፤ የተፈጸመውም ከጣና በሚነሣው ዓባይ መጨረሻ፣ በግብፅ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግብፅ መንግሥት ገበሬዎችን ከቢልሃርዝያ ለማዳን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በዘመቻ ሰጠ። መርፌዎቹ በአግባቡ ሳይቀቀሉ ደጋግመው ተሠራባቸው፤ ገና ስም ያልነበረው ሄፓታይተስ ሲ በሚሊዮኖች ተሰራጨ፣ ግብፅም በዓለም ከፍተኛው ስርጭት ያለባት አገር ሆነች። ያቺው ግብፅ በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዜጎቿን መርምራ፣ ያለባቸውን በኪኒን አክማ፣ ስርጭቱን ከ10 በመቶ ወደ 0.38 በመቶ አወረደች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በመቃረቧ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። ዛሬ ቢልሃርዝያ የሚታከመው በአፍ በሚወሰድ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በጣና ዙሪያ ለተማሪዎች የሚታደለውም ይኸው ኪኒን ነው።

ጉበትን አብረው የሚጎዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። እርጥበት ባለው ጎተራ የሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሲገናኝ የጉበት ካንሰርን ዕድል ያባዛል። አልኮልም የታወቀ ነው። ጫትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሐረር ሆስፒታሎች ጥናት ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት አሳይቷል፤ የባሕር ዳር ዙሪያም ጫት አምራች ስለሆነ ጉዳዩ እዚህም መጠናት ያለበት ይመስለኛል።

ምርመራና ሕክምና

በ2022 በዓለም ላይ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች 13 በመቶዎቹ ብቻ ተመርምረው ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ 3 በመቶ ብቻ ናቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሌላ ጉዳይ ሲመረመር ነው፦ ደም ሲለግስ፣ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ በሚደረገው የጤና ምርመራ። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነው። ወጣቱ ብድር ወስዶ፣ ፓስፖርት አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ «አለብህ» ይባላል፤ ጉዞው ይቀራል፣ ቫይረሱ ምን እንደሆነ ግን የሚያስረዳው አያገኝም።

ተገኘበት ማለት ሁሉ መድኃኒት ይጀምራል ማለት አይደለም። ሐኪሙ የጉበት ኢንዛይም፣ የፕሌትሌት ቁጥር፣ አልትራሳውንድና ከተቻለ የቫይረሱን ብዛት አይቶ ይወስናል። ብዙዎች በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ክትትል ብቻ ያስፈልጋቸዋል። መጀመር ያለበት ሰው የሚወስደው ቴኖፎቪር የተባለ በቀን አንድ ኪኒን ነው፤ ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ይኸው ቴኖፎቪር በኤች አይ ቪ መድኃኒት ውስጥ ስላለ ሁለቱም ያለበት ሰው በነፃ ያገኘዋል፤ ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ጎረቤቱ ግን ለረዥም ጊዜ ያንኑ ኪኒን ለማግኘት ተቸግሯል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰፊ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና መርሐ ግብር በየካቲት 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ፤ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የተሠራ ነው። ከተመዘገቡት 1,303 ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት 328ቱ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ ሕክምና ጀመሩ። በዚያው ዓመት የሞቱት ባብዛኛው ጉበታቸው ቀድሞ ጠንክሮ የመጡት ነበሩ። የጤና ሚኒስቴር በ2016 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ብሔራዊ የሄፓታይተስ ስትራቴጂ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤም እስከ 2030 አዳዲስ መያዝን በ90 በመቶ፣ ሞትን በ65 በመቶ ለመቀነስ ተስማማ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አዲስ መመሪያ መድኃኒት መጀመር የሚገባቸውን ሰዎች ክልል አስፍቷል፤ የቫይረሱን ብዛት የሚለካ መሣሪያ በሌለበት ቦታም ሐኪሙ በቀላል የደም ምርመራዎች እንዲወስን ፈቅዷል።

በባሕር ዳር በጉበት በሽታ የተጠረጠረ ሰው ከጤና ጣቢያ የሚላከው ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስተዳድረው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው። ያልተከተበ አዋቂ ቫይረሱ እንደሌለበት ከታወቀ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት መውሰድ ይችላል፤ በተለይ የጤና ባለሙያዎች፣ የሕክምናና የላብራቶሪ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ቫይረሱ ያለበት ሰው የትዳር ጓደኛና ልጆች እንዲከተቡ ይመከራል። አንድ ሰው እንዳለበት ሲታወቅ ቤተሰቡ በሙሉ ይመረመራል፤ የሌለባቸው ይከተባሉ፣ ያለባቸው ክትትል ይጀምራሉ።